ምዕራፍ 7፦ የቤት ውሃ ማጣሪያ ስለ ምን ያዘግማል

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በአማኑኤል ከተማ፥ እንዲሁም በብቸናና በሞጣ፥ ልጁን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ማዶ የሰደደ ቤተ ሰብ ከዕለታት አንድ ቀን ከዚያው ልጅ ዘንድ አንድ ካርቶን ይደርሰዋል፤ ካርቶኑ ሲፈታም ሦስት ወይም አራት ነጫጭ የፕላስቲክ ቀፎዎች፥ አንዲት ድቡልቡል ታንከር፥ ቀጫጭን ቱቦዎችና አንዲት አንገተ ረጅም ቧንቧ ይወጡበታል። ዕቃው በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለና ውሃ ከተለቀቀበት በኋላ፥ በቀን 75 ጋሎን፥ ማለት 284 ሊትር ገደማ ይሰጣል ተብሎ የተጻፈለት ያ ማጣሪያ ከማለዳ እስከ ማታ አንዲት ጄሪካን መሙላት ሲሳነው፥ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል «ተበላሽቷል» ይላል፤ ቧንቧ ሠራተኛውም ተጠርቶ በመጣ ጊዜ «ውስጡ ያለው ሜምብሬን አልቋልና አዲስ ይገዛ» ብሎ ይፈርዳል። እኔ ግን፥ ይህ ፍርድ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በደጋው በጎጃም የዚህ ዕቃ ዝግመት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሜምብሬኑ፥ ማለት ውሃውን ከሚያጣራው ስስ ሽፋን፥ ሳይሆን ዕቃው ከተሠራበት አገር ውሃና በእኛ ቤት ከሚወርደው ውሃ መካከል ካለው ልዩነት ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ አንድ ካህን መመለስ ያስፈልጋል። በፈረንሳይ አገር የተፈጥሮን ምሥጢር ይመረምር የነበረው ካህኑ ዣን አንቷን ኖሌ በ1748 እ.ኤ.አ. አንድ ብልቃጥ የወይን አልኮል ሞልቶ፥ አፉን በአሳማ ፊኛ ወጥሮ ካሰረ በኋላ (የፊኛውን ዓይነት የአገራችን አንባቢ ይቅር ይበለው) በውሃ ውስጥ ቢያጠልቀው፥ ማንም ሳይገፋው ውሃው በፊኛው በኩል ወደ ውስጥ እየሰረገ ፊኛውን ሲያሳብጠው አየ። ውሃ ስስ ሽፋን በመካከል በጋረደው ጊዜ፥ በባሕርዩ ከጠራው ወገን ተነሥቶ ብዙ ጨው ወይም ሌላ የሟሟ ነገር ወዳለበት ወገን ይሄዳል፤ ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት ውሃውን የሚተፋውም በዚሁ ሕግ ነው። ይህ ጉዞ ኦስሞሲስ ሲባል፥ ከጨዋማው ወገን ከዚህ ጉዞ የበረታ ኃይል ቢጫነው ደግሞ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ፥ ጨውን ትቶ ብቻውን ይሻገራል፤ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሉትም ይኸው ነው።

ነገሩ በሐሳብ ደረጃ የታወቀ ቢሆንም፥ ጨውን እየከለከለ ውሃን በሚጠቅም መጠን የሚያሳልፍ ሽፋን እስኪገኝ ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1960 እ.ኤ.አ. አቅራቢያ ገጹ እጅግ ስስና ጽኑዕ፥ ከሥሩ ግን ስፖንጅነት ያለው ሽፋን ሠሩ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ኮሊንጋ በምትባል ትንሽ ከተማ ጨዋማውን የጕድጓድ ውሃ አጣርቶ ለሕዝብ የሚያድል ጣቢያ በዚህ ዘዴ ተቋቋመ። ዛሬ በየቤቱ የሚሰቀለው ሜምብሬን ግን ከዚያ በኋላ ጆን ካዶት የተባለው አሜሪካዊ ያሻሻለው፥ ፖሊአማይድ ከሚባል ቁስ የሚሠራው ዓይነት ነው። ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚህ ዕቃ ሥራ በጠቅላላው በግፊት ላይ የተመሠረተ መሆኑ፥ ግፊት ከሌለውም በካርቶኑ ላይ የተጻፈለት ተስፋ ሁሉ ከንቱ መሆኑ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ነው።

ግፊቱ ምን ያህል ይሁን ቢባል፥ በመጀመሪያ የጨውን ተቃውሞ ማሸነፍ አለበት። የባሕር ውሃ ከ27 ባር ያላነሰ ግፊት ካላገኘ አይሻገርም፤ የደጋ ምንጭና የደጋ ጕድጓድ ውሃ ግን የሟሟ ማዕድኑ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በሊትር 200 ሚሊ ግራም ቢኖርበት እንኳ የሚያስከፍለው ግብር ከአንድ ባር አንድ አምስተኛ አይሞላም። ስለዚህ በአማኑኤል ማጣሪያውን የሚያደክመው ጨው አይደለም። ሆኖም የፋብሪካው ሰዎች «በቀን 75 ጋሎን» ብለው በካርቶኑ ላይ ሲጽፉ፥ ይህን ልክ ያገኙት 3.4 ባር ያህል ግፊትና 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ ወደ ሜምብሬኑ እየላኩ ሲሆን፥ ይህ ቅድመ ሁኔታ በካርቶኑ ላይ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ በትንንሽ ፊደል ነውና የሚያነበው የለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፥ አቅም ያለው ሰው ሁሉ በጓሮው የብረት ወይም የእንጨት መቆሚያ አቁሞ ሮቶ ይሰቅልበታል፤ ውሃው በመጣ ሌሊት ሮቶው ይሞላል፥ በቀሩት ቀናትም ቤቱ ከዚያው ይቀዳል። ለሳህን ማጠቢያና ለገላ መታጠቢያ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ውሃ በክብደቱ የሚሰጠው ግፊት በየ10 ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ በ3 ሜትር መቆሚያ ላይ ያለ ሮቶ ለማጣሪያው የሚያቀብለው 0.3 ባር፥ ማለት ፋብሪካው ካሰበው አንድ አሥረኛውን እንኳ የማይሞላ ነው፤ ከዚህችም ላይ ጨው የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የባሰው ነገር ግን ወደ ታንከሩ ሲደረስ ይመጣል፤ የታንከሩ ሆድ በጎማ ከረጢት ለሁለት የተከፈለ ሆኖ በአንዱ ወገን 0.5 ባር ያህል አየር ከፋብሪካ ተሞልቶ ስለሚመጣ፥ 0.3 ባር ብቻ ይዞ የሚመጣ ውሃ ያንን አየር ገፍቶ አንዲት ጠብታ ታህል ሊገባ አይችልም። እንዲህ ባለው ቤት ሜምብሬን መለወጥ፥ እንኳን በአንድ በሁለትም ቢለወጥ፥ ገንዘብ ከመጨረስ በቀር ፋይዳ የለውም።

መድኃኒቱ ፓምፕ ነው። ለዚሁ ማጣሪያ ተብሎ የሚሠራ፥ በ24 ቮልት የሚንቀሳቀስ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ከደለልና ከከሰል ማጣሪያዎቹ ጋር ከሜምብሬኑ በፊት ገብቶ ግፊቱን ወደ 5 ባር ገደማ ያደርሰዋል፥ ድምፁም እምብዛም አይረብሽም። በዚህ ላይ ግን ከአሜሪካ ዕቃ ለሚላክለት ሰው አንድ ነገር በጽኑ ማስጠንቀቅ ይገባኛል፤ በአሜሪካ ቤቶች ያለው መብራት 120 ቮልት ገደማ ሲሆን የእኛ 220 ስለ ሆነ፥ ለዚያ አገር ብቻ የተሠራው የፓምፑ ትራንስፎርመር በግድግዳችን ሶኬት ላይ የተሰካ እንደ ሆነ ወዲያው ይቃጠላል። ከመሰካቱ በፊት በጀርባው የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው። ሌላም አለ፤ ፓምፑ ውሃ በሌለበት ደርቆ እንዳይሠራ የሚጠብቀው፥ የግፊት ማነስ ሲሰማው መብራቱን የሚያቋርጥ ማብሪያ አብሮ ይገጠማል፤ ሮቶው ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ወይም ውሃው ወደ ሥሩ የወረደ እንደ ሆነ ይህ ማብሪያ ፓምፑን አያስነሣውም፥ ቤተ ሰቡም «ፓምፑ ሞተ» ብሎ ያለቅሳል። ፓምፑ ግን ሮቶው እስኪሞላ ወይም ከፍ ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ ብቻ ዝም ያለ ነው።

ሁለተኛው የዝግመት ምክንያት ብርድ ነው። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ኤልያስ ከመምህራን እግር ሥር የተቀመጠ ሰው፥ አራቱ ባሕርያት ሲነገሩ የውሃ ጠባያት ሦስት መሆናቸውን፥ እነርሱም ብሩህነት፥ ርጥበትና ቁሪርነት መሆናቸውን ሰምቷል፤ ማጣሪያችንን የሚያሰንፈው ከሦስቱ ይህ የመጨረሻው ነው። ውሃ በቀዘቀዘ መጠን እየወፈረ፥ በሜምብሬኑ ረቂቅ ቀዳዳ ማለፍ እየከበደው ስለሚሄድ፥ የሙቀቱ ልክ በአንድ ዲግሪ በወረደ ቍጥር የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ከመቶ 3 ያህል ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፥ ደጁ ውርጭ ለብሶ ባደረበት ሰዓት፥ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ 15 ዲግሪ ቢሆን፥ ማጣሪያው ምንም ሳይጎድለው ከሚሰጠው ከመቶ 30 ያህሉ በብርዱ ብቻ ይጠፋል፤ ፀሐይ ከወጣችና ሮቶው ከሞቀ በኋላ ግን ያው ማጣሪያ ይፈጥናል። «ጧት ይታመማል፥ ከሰዓት በኋላ ይሻለዋል» የሚባለው ዕቃ በሽታው ይህ ነውና መጠገን አያስፈልገውም። ለማፍጠን ብሎ በምድጃ የሞቀ ውሃ የሚያስገባ ግን ሜምብሬኑን ያበላሻል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የራሱን ማጣሪያ ለመመርመር ቢፈልግ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘገየው ማን እንደ ሆነ መለየት አለበት፤ ሜምብሬኑ ውሃ ሳያወጣ ቀርቶ ነውን? ወይስ ወጥቶ የተከማቸውን ታንከሩ አልሰጥ ብሎ ነው? ሁለቱ በቧንቧው አፍ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፥ ምክንያታቸውም መድኃኒታቸውም ግን የተራራቀ ነው። ታንከሩን ከቦታው አንሥቶ መመዘን ይበቃል፤ ከብዶ ሳለ ቧንቧው አንድ ሁለት ብርጭቆ በኃይል ሰጥቶ ወዲያው ወደ ቀጭን ክር የሚለወጥ ከሆነ፥ አየሩ ሾልኮበታል ማለት ነው። እንግዲህ ውሃውን እስከ መጨረሻው አፍስሶ፥ ባዶውን ታንከር ተሸክሞ ወደ ጎሚስታ መሄድ ነው፤ ጎሚስታው በጎኑ ባለችው፥ የብስክሌት ጎማ ላይ እንዳለችው ባለች መንፊያ 0.5 ባር (በእርሱ መለኪያ 7 ወይም 8 ፒ.ኤስ.አይ.) አየር ይሞላበታል። ለመኪና ጎማ የለመደ እጅ እንደ ልማዱ 30 ቢሞላበት ግን ውሃው ዳግመኛ አይገባምና፥ አጠገቡ ቆሞ መለኪያውን ማየት ይገባል። የጎሚስታው ዋጋ ከአዲስ ሜምብሬን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ታንከሩ ቀሎ ከተገኘ ነገሩ ወደ ሜምብሬኑ ወገን ይመለሳል። ከሜምብሬኑ የሚወጣውን ንጹሕ ውሃ ወደ ታንከሩ ሳይገባ በመለኪያ ብርጭቆ ተቀብሎ በሰዓት መቍጠር ነው፤ የ75 ጋሎኑ ዓይነት በፋብሪካው ልክ ሲሠራ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፥ በ15 ዲግሪ ብርድ ደግሞ 140 ገደማ መስጠት አለበት። በዚያው ሰዓት የፍሳሹን ውሃ በሌላ ዕቃ መለካት አይዘንጋ፤ ምክንያቱም ሜምብሬኑ የተከለከለውን ጨው ጠርጎ የሚያወጣ ፍሳሽ ስለሚያስፈልገው፥ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት ወይም አራት ሊትር መፍሰሱ የዕቃው ጠባይ ነው። «ልጄ የላከልኝ ዕቃ ውሃዬን ይሰርቀኛል» የሚሉ እናት ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ያ የሚፈሰው ውሃ ግን ለልብስ፥ ለወለልና ለጓሮ ጎመን ይሆናልና በባልዲ ሊጠራቀም ይገባዋል።

የሁለቱ ውሃዎች ንጽጽር ብዙ ይናገራል። ፍሳሹ ከንጹሑ አሥር እጥፍ ከሆነ፥ ወይ የመጪው ውሃ ግፊት ደካማ ነው፥ ወይ በፍሳሹ ቱቦ ውስጥ ያለችው ማጥበቢያ ወልቃለች ወይም ለሌላ መጠን የተሠራች ናት፤ ማጥበቢያዋ ውሃውን ካልያዘችው ግፊት አይፈጠርም። ፍሳሽ ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ማጥበቢያዋ ተደፍናለችና ሳይውል ሳያድር መለወጥ ነው፤ መውጫ ያጣው ቆሻሻ በሜምብሬኑ ላይ እየተጋገረ ጤነኛውን ያሳምመዋል። ታንከሩ ሞልቶም ሌሊቱን ሙሉ ፍሳሹ የሚንጠባጠብ ከሆነ፥ በሚሞላ ጊዜ መዝጋት የነበረበት ቫልቭ ወይም ውሃውን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ትንሹ ቫልቭ ሥራውን ትቷል። እነዚህ ሁሉ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፥ በአዲስ አበባ የማጣሪያ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱቅም ይገኛሉ።

አፍአዊ ከሆኑት ምክንያቶች መካከል በክረምት ከሁሉ የሚበረታው ደለል ነው። የምሥራቅ ጎጃም ቀይ አፈር ከሐምሌ ዝናብ ጋር ወደ ምንጩም ወደ ቧንቧውም ሲገባ፥ ነጭ ሆኖ የተገጠመው የደለል ማጣሪያ ፈጥኖ የሸክላ መልክ ይይዛል፤ ወደ ሜምብሬኑ መድረስ የነበረበት ግፊትም እዚያው ይቀራል። ስድስት ወር ያገለግላል የተባለ ማጣሪያ በእኛ ክረምት ያን ያህል ይቆያል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ሜምብሬኑ የሚገባውን ቱቦ ነቅሎ ወደ ባልዲ አዙሮ የውሃውን ኃይል ማየት፥ ከዚያም የደለሉን ማጣሪያ አውጥቶ ባዶውን ቀፎ መልሶ ጠምዝዞ ዳግመኛ ማየት ይበቃል፤ በሁለተኛው ጊዜ ውሃው እጅግ ከበረታ ጥፋተኛው ተይዟል። ያለ ማጣሪያ የወረደውን ውሃ ግን ወደ ሜምብሬኑ ማስገባት አይገባም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ውሃው እንዲፈጥን ብለው የከሰሉን ማጣሪያ አውጥተው የሚጥሉ ሰዎች አሉ። ከሰሉ የተቀመጠው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በከተማው ውሃ ውስጥ ያለውን ክሎሪን ይዞ ያስቀራል፥ ክሎሪን ደግሞ የፖሊአማይድ ሜምብሬን ጠላት ነው። ከሰሉ ከተጣለ ከጥቂት ወራት በኋላ ውሃው በእውነት ይፈጥናል፥ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ የፈጠነው ግን ሜምብሬኑ ተበልቶ ጨውንም ውሃንም አንድ ላይ ስለሚያሳልፍ ነው። ስለዚህ የሟሟ ማዕድንን የምትለካውን፥ እስክሪብቶ የምታህለውን ርካሽ መለኪያ በቤት ማኖር ይበጃል፤ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ውሃ ስትለኩ ቁጥሩ ከመቶ 90 ያህል ከቀነሰ ሜምብሬኑ ጤነኛ ነው፥ ዝግመቱም ከሌላ ቦታ ይፈለጋል ወይም በላዩ የተጋገረ ቆሻሻ አለ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ግን፥ ቢፈጥንም ቢዘገይም፥ ዘመኑ አብቅቷል።

ስለ ሜምብሬኑ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይህ ሽፋን አንድ ጊዜ ውሃ ከነካው በኋላ መድረቅ አይወድም፤ ደርቆ የተመለሰ ሜምብሬን የቀድሞውን ያህል ውሃ አያሳልፍም። ውሃ ለሳምንታት በሚጠፋበት፥ ወይም ቤተ ሰቡ ለበዓል አገር ቤት ሄዶ በሚሰነብትበት ጊዜ ማጣሪያው ተነቅሎ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ፥ በመልሱ የሚታየው ዝግመት ከዚህ የመጣ ነው፤ መድኃኒትም የለውም። ቱቦዎቹን ዘግቶ ውሃውን በውስጡ ማቆየት፥ ሲመለሱም የመጀመሪያውን አንድ ታንከር ሙሉ ሳይጠጡ ማፍሰስ ይሻላል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚደረግለት ሜምብሬን ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለግላል።

ይህን ሁሉ ድካም ካየን በኋላ፥ ለመሆኑ አማኑኤል ይህን ዕቃ ትፈልገዋለችን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በስምጥ ሸለቆ፥ በወንጂ፥ በመቂና በዝዋይ አካባቢ፥ ከመሬት የሚወጣው ውሃ የፍሎራይድ ብዛት የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በእጅጉ የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ነው፤ የወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ጥርስና አጥንትም በዚሁ ምክንያት እንደ ተጎዳ የሕክምና ሊቃውንት ጽፈዋል። ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፥ በጨርቅ ማጥለልም አይያዝም፤ በዚያ አገር ሪቨርስ ኦስሞሲስ ምንም ቢዘገይ፥ ውሃም ቢያባክን፥ ዋጋውን ያወጣል። ከጮቄ ተራራ ሥር፥ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የሚኖረው የጎጃም ገበሬና ከተሜ ግን በጠቅላላው የሚጠጣው ለስላሳና ጨው የሌለው ውሃ ነው፤ የሚያሰጋው የዓይነ ምድር ተሕዋስያንና ደለል ነው። ተሕዋስያኑን ለመከላከል ከመጠጣት በፊት ማፍላት ይበቃል፤ በአማኑኤል ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ቢሆንም፥ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ቢቆይ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ። ማገዶ ለቸገረው ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን መድኃኒትና የሸክላ ማጣሪያ አሉ። ሦስት ጄሪካን አፍስሶ አንድ ጄሪካን የሚሰጥ ዕቃን፥ ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ያለ ምርመራ ማሸከም ግን ልክ አይመስለኝም።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ሆናችሁ ለአማኑኤል፥ ለብቸና ወይም ለሞጣ ዘመዶቻችሁ ማጣሪያ ለመላክ ያሰባችሁ ሁሉ፥ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የቤቱን ውሃ በላቦራቶሪ አስመርምሩ። ውጤቱ ዕቃውን የሚጠይቅ ሆኖ ከተገኘም ትራንስፎርመሩ በ220 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ፥ አንዲት የግፊት መለኪያ፥ እንዲሁም ቢያንስ ሁለት ክረምት የሚያሻግሩ የደለልና የከሰል ማጣሪያዎች ከካርቶኑ ጋር አብራችሁ ላኩ።